የማታ ፎቶ ሳይመሽ ነው የሚነሳው

አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ካሜራ ከገዛሁ ሦስት ወሬ ነው። ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ወጥቼ የምኒልክን ሐውልትና ጊዮርጊስን አነሳሁ። ሰማዩ ጥላሸት ሆነብኝ። መብራቶቹ ነጭ ኳስ መሰሉ። ሐውልቱ ድፍን ጥቁር ነው፤ ፈረሱ ከንጉሡ አይለይም። ገሚሱ ፎቶ ደብዝዟል። ሰማዩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ። ጓደኞቼ "ችግሩ ሌንስህ ነው፣ ብርሃን አብዝቶ የሚያስገባውን 1.8 ሌንስ ግዛ" አሉኝ። ብሩን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

አታውጣ። ቢያንስ ለሌንስ አታውጣ።

የላክሃቸውን አራት ፎቶዎች አየኋቸው። ሌንሱ ምንም አላጠፋም። ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ዋናው ጥፋትህም መዘግየትህ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ አንተ የምትፈልገው ፎቶ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ወዲያው አይጠቁርም። መጀመሪያ ይገረጣል፤ ከዚያ ሰማያዊነቱ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ጥቁር የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው። በመሃል የሰማዩ ብርሃንና የከተማው መብራት ጉልበታቸው የሚመጣጠንባት ጊዜ አለች። እዚያች ላይ ካነሳህ ሰማዩም ይታያል፣ መብራቱም አይቃጠልም (ነጭ ብቻ ሆኖ አይጠፋም)፣ የሐውልቱም ጠርዝ ከሰማዩ ተለይቶ ይወጣል። ፈረንጆቹ «ሰማያዊው ሰዓት» ይሏታል። ሰዓት መሆኑ ግን ለእነሱ ነው። ስቶክሆልም ያለ ወዳጄ በሰኔ ካሜራውን ተክሎ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፤ ሰማዩ ያው ሰማያዊ ነው። እኛ ጋ እንደዚያ የለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ትሰምጣለች። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ። ከዚያ የምታነሳበት ሌላ ሩብ ሰዓት አለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰዓቱ እንደ ወሩ ይለያያል። በኅዳር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ልክ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ እንግዲህ ፎቶህ ከ12፡15 እስከ 12፡30 ባለው ውስጥ አለ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ወደ 12፡48 ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትጀምረው። ስልክህ ላይ የአየር ሁኔታ ማሳያው የመጥለቂያውን ደቂቃ ይነግርሃል። እሱን እያየህ ቢያንስ ከ45 ደቂቃ በፊት ቦታው ላይ ተገኝ። ቦታ የሚመረጠው በብርሃን ነው። ጨለማ ውስጥ እግር እያደናቀፈህ የምትመርጠው ቦታ ሁልጊዜ ከኋላው የመብራት ምሰሶ አለው።

አሁን ወደ ሐውልቱ እንምጣ። የምኒልክ ሐውልት ነሐስ ነው። በ1923 ዓ.ም፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ላይ ነው የተመረቀው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ተመለሰ። ይህን የምነግርህ ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ነሐስ ብርሃንን በየአቅጣጫው አይበትንም፤ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ይላል፣ ሌላው ቦታ ይጠቁራል። ጥቁር ነገር በጥቁር ሰማይ ላይ ስታነሳ ምን ልታገኝ ነው? የሁለት ሰዓት ተኩሉ ፎቶህ ላይ የፈረሱ የፊት እግሮች የጠፉት ለዚህ ነው። የሐውልቱ ውበት ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ነው፤ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊቶቹን ማንሳቱ ላይ። እግሮቹ ከሕንፃ ጋር ሳይጋጩ ሰማይ ላይ እንዲታዩ ዝቅ ብለህ አንሳ። ተንበርከክ። ሱሪህ ይቆሽሽ።

የንጉሡ ፊት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓድዋ ነው ይባላል። የስልክህን ኮምፓስ አውጥተህ ራስህ እየው። የምልህ ይህ ነው፦ ከጎን ስታነሳው ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ እያየህ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምሥራቁ ቀድሞ ይጠቁራል። ምዕራቡ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ ቅሪት ይቆያል። እኔ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አነሳና ዞሬ በምዕራቡ እጨርሳለሁ። አስር ደቂቃ ያህል ታተርፋለህ። ሩብ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው አስር ደቂቃ ሀብት ነው።

ስለ ሌንሱ ጓደኞችህ ያሉህን በቁጥር እንየው። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የአንተ ሌንስ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል። 1.8 ስትገዛ የምታገኘው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። በእጅህ ይዘህ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መጠን) 1600 ስታነሳ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ወደ 1/10 ሰከንድ ወርዶብሃል፤ የደበዘዘብህ ለዚህ ነው፤ የማንም እጅ ያን ያህል አይረጋም። ካሜራው መቆሚያ ላይ ቢሆን ግን 8 ሰከንድም ትችላለህ። ከ1/10 እስከ 8 ሰከንድ ሰማንያ እጥፍ ነው። አራት እጥፍ ለመግዛት ብዙ ብር ታወጣለህ፤ ሰማንያውን ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ይሰጥሃል። ደግሞም ርካሹ 1.8 አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊሜትር ነው። በአንተ ካሜራ ላይ ጠባብ ይሆናል። ጊዮርጊስን ሙሉ ለማስገባት ወደ ኋላ ስትሄድ መንገዱን ተሻግረህ ሰው ግቢ ትገባለህ። 1.8 ለሰው ፊት፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር ይሆንሃል። ያን ጊዜ ግዛው።

ትራይፖድ ስትገዛ ቁመቱን አትይ፤ ጭነህበት ሲወዛወዝ እየው። የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትሳበው፤ ካሜራውን ነፋስ የሚያጫውተው እሱ ነው። ቦርሳህን ሥሩ ባለው መንጠቆ ላይ ስቀል። ትራይፖድ ለጊዜው ካቃተህ አንድ ኪሎ ሽንብራ በጨርቅ ከረጢት ሞልተህ ስፋው። አጥር ግንብ ላይ አስቀምጠህ ካሜራውን ታሳርፍበታለህ፤ ልክ እንደ ትራስ ይይዝልሃል። እኔ ሥራ የጀመርኩት በዚያ ነው። እናቴ ሽንብራው ወዴት እንደሄደ ስታውቅ የሆነውን ሌላ ቀን አጫውትሃለሁ።

ሴቲንጉ ብዙም ምሥጢር የለውም። በማኑዋል፣ ሁሉን ራስህ እያስተካከልክ፣ ሥራ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8። የምትቀይረው ሻተሩን ብቻ ነው። ሰማዩ ገና ሲገረጣ ግማሽ ሰከንድ ሊበቃህ ይችላል፤ ከዚያ 1፣ 2፣ 4 እያልክ ትሄዳለህ፤ መጨረሻ ላይ 8 ወይም 10 ትደርሳለህ። ኤፍ 8 ላይ ያ የናቅከው ሌንስ በጣም ጥርት ያለ ነው። የመንገድ መብራቶቹ ኮከብ እንዲሰሩልህ ከፈለግክ ኤፍ 11 ወይም 13 አድርገው። የሌንስህ ቀዳዳ መክፈቻ ቅጠሎች 7 ከሆኑ 14 ጨረር ይወጣል፤ 6 ከሆኑ 6 ብቻ። ከኤፍ 16 አትለፍ፤ ፎቶው መላላት ይጀምራል።

ካሜራውን በጣትህ አትጫነው፤ የሁለት ሰከንድ ታይመሩን ተጠቀም። ሌንሱ ላይ ያለውን የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካሜራው መቆሚያ ላይ ሲሆን አጥፋው፤ አንዳንዱ የሌለ ንዝረት እየፈለገ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ፎከስ በጨለማ ይዋልላል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ አጉልተህ መብራት የነካው ጠርዝ ላይ አስተካክል፣ ከዚያ ወደ ማኑዋል ቀይረህ አትንካው። አንድ ሌላ ነገር፦ ረጅም ፎቶ ካነሳህ በኋላ ካሜራው «ሥራ ላይ ነኝ» እያለ ያን ያህል ጊዜ የሚያስጠብቅህ ከሆነ የኖይዝ (ፎቶ ላይ የሚታይ ቅንጣት) ማጥፊያው ተከፍቷል ማለት ነው። 10 ሰከንድ ስታነሳ ሌላ 10 ይወስድብሃል። በአይኤስኦ 100 አያስፈልግህም። ዝጋው።

ፍላሹንም ዝጋ። ሁለተኛው ፎቶህ ላይ ፍላሹ እንደተነሳ ያስታውቃል። የካሜራ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሜትር ነው ጉልበቱ። ሐውልቱ ጋ አይደርስም። ያበራኸው ከፊትህ ያለውን አቧራ ነው።

መብራቶቹ ነጭ ኳስ የሆኑት ካሜራው በራሱ ስለለካ ነው። ብዙ ጥቁር ሰማይ ያይና «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል። አንተ ግን ለመብራቱ ለካ። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈትና የቀኝ ግድግዳውን እንዳይደገፍ አድርግ። ጥላው ትንሽ ቢጠቁር፣ ራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አድርገህ ካነሳህ፣ በኋላ ታወጣዋለህ። የተቃጠለ መብራት ግን አይመለስም። እርግጠኛ ካልሆንክ ሦስት አንሳ፤ አንዱን ልክ፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርጋል) አጨልመህ፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ አብርተህ። ቤትህ ስታዋህዳቸው ግን እጅህን ሰብስብ። ደመናው እንደ ብረት ድስት የሚያብረቀርቅበት፣ ጥላ የሚባል ነገር የሌለበት ፎቶ አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል። ማታ ነው፤ ጥቁር ነገር ይኑረው።

አሁን አረንጓዴዎቹ ነጠብጣቦች። እነሱን ሳይ ሳቅኩ፤ እኔንም ለዓመት አሰቃይተውኛል። ሌንስህ ፊት ላይ «መከላከያ ነው» ብለው የሸጡልህ መስታወት፣ ፊልተር የሚሉት፣ አለ አይደል? እሱ ነው። የመብራቱ ብርሃን ሌንሱን አልፎ ሴንሰሩን (ምስሉን የሚቀበለውን ገጽ) ይነካል፣ ከሴንሰሩ ተመልሶ ፊልተሩን ይመታል፣ ከፊልተሩ ደግሞ እንደገና ወደ ሴንሰሩ ይወርዳል። ማረጋገጥ ከፈለግክ ከአንድ መብራት ተነስተህ በፎቶው መሃል ለመሃል አልፈህ ወደ ሌላው ጎን መስመር አስምር። ነጠብጣቡን በእኩል ርቀት፣ ተገልብጦ ታገኘዋለህ። ማታ ስትወጣ ፊልተሩን ፍታው። ቀን መልሰህ ብታስረው ደስ ይበልህ።

ቀለሙ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ አሁን የአዲስ አበባ ማታ ዋናው ፈተና እሱ ነው። ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የመንገዱ መብራት ሁሉ ቢጫ ሶዲየም ነበረ፤ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አንዴ ታወርደዋለህ፣ ያልቃል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ኤልኢዲ በየሕንፃው ተተክሏል። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ በየሦስት ሰከንዱ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ የሚገለባበጥ። ካሜራውን በአውቶ ከተውከው እያንዳንዱን ፎቶ በተለየ ቀለም ያመጣልሃል። ዋይት ባላንሱን 3500 ወይም 3800 ኬልቪን ላይ ቁረጠውና ራው አንሳ። ድንጋዩ በተፈጥሮው ቀለም ይምጣልህ፤ የቀረው እንደሆነው ይሁን። ሁሉንም መብራት ነጭ ለማድረግ የሚታገል ሰው መጨረሻ ላይ ቆዳው አረንጓዴ የሆነ ሐውልት ያወጣል።

ቀለሙ የሚገለባበጠው መብራት ላይ ግን ረጅም ሻተር አይሰራም። 8 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ቀለም ካለፈ ሦስቱ ተደባልቀው የቆሸሸ ነጭ ይሰጡሃል። እዚያ ጋ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ አድርገህ ሻተሩን አንድ ሰከንድ ወይም ግማሽ አድርገው። ከዚያ ቆመህ ዙሩን ተመልከት፤ የምትፈልገው ቀለም ሲመጣ ንካ። እኔ የምጠብቀው ነጩን ነው። ሐምራዊ ጊዮርጊስ ማየት አልፈልግም፤ ይህ የእኔ ጣዕም ነው፣ አንተ የራስህ ይኖርሃል። ካሜራውን በእጅህ ይዘህ ሰው ስታነሳ ደግሞ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ካየህ አትደንግጥ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ስታደርገው ይጠፋል።

ጊዮርጊስ ጋ ሌላ ነገር አለ። ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። ፊት ለፊት አንዱን ገጽ ብቻ ካነሳህ ጠፍጣፋ ግድግዳ ይመስላል። ማዕዘኑ ወደ አንተ እንዲመጣ ቁም፤ አንዱ ገጽ ሲበራ ሌላው ጥላ ይይዛል፤ ስምንት ማዕዘንነቱ ያን ጊዜ ነው የሚታየው። ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጥጠው፤ ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ራቅ በል፣ ከሥር የሚተርፈውን መሬት በኋላ ቁረጠው። ግቢ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ አስቀድመህ ጠይቅ። ማታ ሰው ጥግ ይዞ ይጸልያል፣ ይሰግዳል። ትራይፖድ ተክለህ ፊቱ ስትቆም ማንም ደስ አይለውም። ጥበቃዎቹን ቀን ሄደህ ተዋወቃቸው፤ ማታ ስትመጣ «ያ ልጅ ነው» ይሉሃል።

ጥበቃ ካነሳን አይቀር፣ በእጅ ስታነሳ ዝም የሚልህ ሰው ትራይፖድ ስትዘረጋ «ጋዜጠኛ ነህ?» ይልሃል። አትከራከር። ስክሪንህን አሳየው፣ መታወቂያህን አውጣ፣ ካልፈቀደ አመስግነህ ሂድ። ለመሥሪያ ቤት የምትሰራ ከሆነ ደብዳቤ ያዝ። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ቦታ፣ ኤምባሲ በር ላይ ሌንስ አታዙር፤ ፎቶው ቢያምርም ለአንተ አይጠቅምህም። ድሮንን እርሳው፤ ያለ ፈቃድ አይነሳም። ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ አንዱ ስክሪን ሲያይ አንዱ ቦርሳ ያያል።

አደባባዩ ዙሪያ የመኪና መብራት መስመር እንዲሰራልህ ከፈለግክ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። ታክሲዎቹ መንገድ መሃል ቆመው ሰው ሲጭኑ ፎቶህ ላይ ነጭ ጉድፍ ይሆናሉ። አንድ ጥቁር ካርቶን በእጅህ ያዝ። መኪና ቀጥ ብሎ መብራቱን ሲያበራብህ ሳትነካው ሌንሱን ጋርድ፤ ሲያልፍ ካርቶኑን አንሳ። ሻተሩ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል። የሚሄዱትን መኪኖች ቀይ መብራት እንጂ የሚመጡትን ነጭ አታሳድድ፤ ቀዩ ለሐውልቱ ይስማማል።

ፒያሳን ከለመድክ በኋላ ለገሃር ሂድ። የድሮው ባቡር ጣቢያና ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አሉ፤ አንበሳው ጣሊያን ሮም ወስዶት የተመለሰ ነው። ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱ ሐውልት ደግሞ ከምኒልክ ተቃራኒ ነው። ድንጋዩ ፈዛዛ ስለሆነ ቶሎ ይቃጠላል፤ ሥሩ ያሉት የነሐስ ቅርፆች ግን ይጠቁራሉ። ሁለት ፎቶ ይፈልጋል፣ አንዱ ለድንጋዩ፣ አንዱ ለነሐሱ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጋ የመስኮቶቹን ባለቀለም መስታወት ተመልከት። ቀን ከውጭ ሲታዩ ጥቁር ናቸው። ማታ ውስጡ ሲበራ ነው ቀለማቸው ወደ ውጭ የሚወጣው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ክረምትን አትፍራ። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ሳይደርቅ ያለችው ግማሽ ሰዓት ከሌላው ወቅት ሙሉ ሳምንት ትበልጣለች። ካሜራውን ወደ መሬት አውርደው፤ መብራቱ ሁሉ እጥፍ ይሆንልሃል። መስከረም አየሩ የታጠበ ስለሆነ ሩቅ ያለው ጥርት ይላል። ኅዳር 12 ደግሞ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የቆሻሻው ጭስ ከተማዋ ላይ ይተኛል። ሳንባህን ጠብቅ እንጂ ለፎቶ ያልተለመደ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ መብራት የራሱን ድንኳን ይዘረጋል። ጨረቃ ማስገባት ካማረህ ሙሉ ከመሆኗ አንድ ቀን በፊት ውጣ። ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ወደ ሃምሳ ደቂቃ ቀድማ ስለምትወጣ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሲሆን በምሥራቅ በኩል ከፍ ብላ ታገኛታለህ። ከጨለመ በኋላ ካነሳሃት ነጭ ቀዳዳ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ እንዴት እንደተቀየረች አንተም ታውቃለህ። እኔ ድሮ እቆምባቸው የነበሩት በረንዳዎች ዛሬ የሉም። ያኔ «አላማሩም» ብዬ ያጠፋኋቸው ፋይሎች አሁን ያንገበግቡኛል። ስለዚህ የቅዳሜዎቹን አራቱንም አታጥፋቸው። የተቃጠለው መብራት እርግጥ አይመለስም። ሦስተኛውን፣ ከጊዮርጊስ በር የሚወጡት ነጠላ የለበሱት ሴትዮ ያሉበትን፣ ጥቁርና ነጭ አድርገው። ከላይ ያለውን ባዶ ሰማይ ግማሹን ቁረጥ፤ አረንጓዴዎቹ ነጠብጣቦችም አብረው ይሄዳሉ።